በዚህ ቤት ያደረ አይበላም

ጌታነህ ሸዋ በር አጠገብ ካለችው ግሮሰሪ ከጓደኞቹ ጋር በተቀመጠ ቁጥር ሳይናገር የማይነሣው አንድ ነገር ነበረው። «በእኔ ቤት ያደረ ወጥ አይቀርብም» ይላል፤ ይልና ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። ሌላው ስለ ልጁ ውጤት ያወራል፣ ሌላው ስለሚያሠራው ቤት። ጌታነህ የሚያሠራው ቤት የለውም። በመሥሪያ ቤቱም ንብረት ክፍል ከተቀመጠባት ወንበር ወደ ላይም ወደ ጎንም ሳይንቀሳቀስ ዓመታት አልፈውታል። የሚኮራበት ነገር ሲያጣ በሚስቱ ድስት ኮራ።

ሚስቱ ሰገነት ይህን ፉከራ የምትሰማው ዞሮ ዞሮ ከሌሎች ሚስቶች አፍ ነበር። «አንቺማ በየቀኑ ትኩስ የምትሠሪ ባለሙያ» ይሏታል፤ ግማሹ ምቀኝነት፣ ግማሹ ሽሙጥ ነው። እሷም በአፍንጫዋ ትስቃለች። ሰውዬው በትዳር ዘመኑ አንድ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም። ቢላዋው የት እንደሚቀመጥ ቢጠየቅ እንኳ ልጁን ነው የሚጠራው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ስለ ወጥ ሕግ አውጥቶ ቤት ሙሉ ሰው የሚገዛው።

ሕጉ የሚፈጸመው ማታ ማታ ነበር። ጌታነህ ከሥራ ወጥቶ ፈላና በር ወዳለው ቤታቸው ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ወደ ማድቤት ይሄዳል። የድስቱን ክዳን በሁለት ጣቱ ያነሣና «የዛሬ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬ ከሆነ እሰየው። የትናንት ከሆነ ክዳኑን ይመልሰዋል፣ ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል፣ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ በቃ። አይጮህም፣ አይሳደብም። ዝም ብሎ ይራባል። የእሱ ረሃብ ደግሞ ከሌላ ሰው ጩኸት ይብስ ነበር፤ ቤቱን ሁሉ ያስጨንቃል፣ ልጅቷን ያሳቅቃል። በመጨረሻ ሰገነት ብድግ ብላ ሌላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ከየት ያመጣኸው ነው ይሄ?» ብላ ጠይቃው ነበር አንድ ጊዜ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች።

«እናቴ ስድስት ልጅ ስታሳድግ አንድ ቀን ያደረ አቅርባልን አታውቅም» አላት። በዚህም ክርክሩ ተዘጋ። ቅድመ አያቱ ከሸዋ ወደ ሐረር ሲመጡ ትኩስ ወጥን ከጠመንጃቸው ጋር በበቅሎ ጭነው ያመጡት ይመስል አንገቱን ቀና አደረገ።

ሰገነት ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ የደረሰችበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰውዬው ወጥን እንደ ጫት ነው የሚያስበው። በዚህ አገር ያደረ ጫት ጫት አይባልም፤ ገለባ ነው፣ ለፍየል ነው የሚጣል። የጠዋቱ ለጠዋት፣ የማታው ለማታ ካልሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጌታነህ ይህን ከልጅነቱ ሲያይ አድጎ በድስት ላይ አሠራው። ወጥ ግን ቅጠል አይደለም። ሲያድር ቅመሙ ገብቶ ይጣፍጣል እንጂ አይጠወልግም። ይህን የማያውቅ ሰው ሐረር ውስጥ ቢፈለግ ከጌታነህ ሌላ አይገኝም።

ችግሩ ሰገነት ምሽቷን የምትፈልገው ለሌላ ነገር መሆኑ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፣ በዲፕሎማ። ዲግሪዋን ለመያዝ በአንድ ኮሌጅ የማታ ትምህርት ተመዝግባለች። ክፍል የሚጀመረው ልክ ጌታነህ ክዳን በሚያነሣበት ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቷ እንደወጣች በባጃጅ ወደ ቤት ትበራለች፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እያለቀሰች ታማስላለች፣ እጇ እየሸተተ ወደ ኮሌጅ ትሮጣለች። ስትደርስ መምህሩ ግማሹን ጽፎ አጥፍቶታል። አምና ደግሞ የማጠቃለያ ፈተናዋ ዕለት ጌታነህ ከድሬዳዋ የመጡ ዘመዶቹን ይዞ ገባ፤ ፈተናው ቀረ። ኮሌጁ በቀጣዩ ሴሚስተር እንድትፈተን ፈቀደላት፤ ከዚህ ሌላ አንድም ከቀረሽ ግን ከትምህርቱ ትሰናበቻለሽ አላት። ጌታነህ ይህን ሲሰማ «ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩልሻል» አለ። ራት ግን አይደርስም፤ ራት ያስቸኩላል።

መፍትሔው የተገኘው ሰርግ ቤት ነው። የእህቷ ልጅ ስታገባ ሰገነት እንደማንኛዋም ዘመድ ቢላዋዋን ይዛ ሽንኩርት ለመክተፍ ሄደች። ሴቶቹ ሰርጉ እሑድ ሆኖ ሳለ ቁሌቱን ሐሙስ ነው ያቁላሉት። አንድ በርሜል የሚያህል ሽንኩርት በበርበሬና በዘይት ቀይ እስኪሆን ተቁላልቶ፣ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ወርዶ፣ ተከድኖ ተቀመጠ። እሑድ ዕለት ሥጋው ገባበት፣ ለሰው ሁሉ ቀረበ። ጌታነህ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ ጣቱን ላሰና «ወጥ ማለት እንዲህ ነው አቦ» አለ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሁሉ።

ሰገነት ሳህን ይዛ እንደቆመች አየችው። ሐሙስ የተሠራ ነው የበላው። አንድ ሌሊት ሳይሆን ሦስት ሌሊት ያደረ ወጥ ነው ያስጨመረው። ያን ጊዜ ለባሏ የነበራት ንቀት ወደ ሥራ ተቀየረ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሸዋ በር ገበያ ወረደች። ከዚያ በፊት ኪሎ ኪሎ እያለች ወደምትገዛባት ወደ ዘቢባ ሄዳ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት አዘዘች። ዘቢባ ከከተማው ዳር ካለው ገጠር ሽንኩርትና ድንች በአህያ ጭና የምትመጣ ገበሬ ናት፤ ነገር አያመልጣትም።

«ሰርግ አለ እንዴ ቤት?» አለቻት ጆንያውን እያጋደለች።

«ሰርግ የለም። ለሰሞኑ ራት ነው።»

«ወላሂ ባልሽ የታደለ ነው።»

«መታደሉንስ ታድሏል፤ አያውቀውም እንጂ» አለች ሰገነት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጌታነህ ወደ ግሮሰሪው እንደወጣ፣ ከልጇ ከገሊላ ጋር ተቀምጠው ሽንኩርቱን ከተፉ። ትልቁ ድስት ተጣደ። ሽንኩርቱ ውሃው እስኪመጠጥ ብቻውን ተቁላላ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ቅቤ የለበትም፤ ቅቤ ቢገባበት ረቡዕና ዓርብን ያበላሻል። ሲበርድ በክዳን ዕቃ እየከፋፈለች ማቀዝቀዣው ውስጥ ደረደረችው። ጌታነህ ማቀዝቀዣ የሚከፍተው ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ስለሆነ የውሃውን ጠርሙስ ከፊት አቆመችለት።

ከዚያ በኋላ የሥራ ቀን ራት ምን ሆነ? ሰኞ ጠዋት የተነከረ ምስር ከቁሌቱ ሁለት ጭልፋ ገብቶበት ይንተከተካል፤ አለቀ። ማክሰኞ ቁሌቱ ለብ ሲል እንቁላል ይሰበርበታል፣ ማንኪያ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ረቡዕ ሽሮ። ሐሙስ በቀጫጭን የተከተፈ ሥጋ ወይም ፓስታ። እንጀራው ከደጅ የሚገዛ ነው፤ እሱን ጌታነህ ትኩስ ነው አይደለም ብሎ ጠይቆ አያውቅም፣ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራት ደርሶ ሰገነት ጸጉሯን ታበጥራለች። ስንት ዓመት ሙሉ በየማታው እያለቀሰች ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረችውን ሴት ባሰበች ቁጥር ትንቃት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት ጌታነህ ገብቶ ክዳኑን አነሣ፣ አየ፣ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀሰረ። «ምነው ቤቱ የሚቁላላ ነገር አይሸትም?» አለ። ምስሩ እየፈላ፣ እንፋሎቱ ፊቱን እያጠበው ነው እንዲህ የሚለው። ሰገነት አንድ ጊዜ አየችውና ገባት። ሰውዬው የሚያውቀው ወጥ የለም። የሚያውቀው የሽንኩርት ሽታ ነው።

በማግስቱ አንድ ራስ ሽንኩርት ተከትፎ ተዘጋጀ። ገሊላ መስኮቱ ጋ ቆመች። አባቷ ከመንገዱ ጥግ ብቅ ሲል «መጣ» አለች፤ ሽንኩርቱ የጋለ ድስት ላይ ጠብ አለና ቤቱን አወደው። ጌታነህ ከደጅ ጀምሮ እያሸተተ ገባ። «ይሄ ነው!» አለ፣ ከሁለቱም አንዳቸውን ሳያይ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳን ማንሣቱንም ተወው። እናትና ልጅ ማድቤት ውስጥ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ሳቁ፤ ቀኑም ወሩም በዚህ አለፈ። የገና ጾም ገባ፣ ወጣ፣ ጥምቀት አለፈ። ሰገነት ከክፍል ቀድማ እየደረሰች ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ለመደች።

ውሸት ሲመች ግን መዘዙ ከኋላ ነው። ራቱ እንዲህ ያለ ሁካታና ያለ ኩርፊያ መድረሱ የጌታነህን ፉከራ አሳበጠው። አንድ ሐሙስ ማታ እንደሻው የሚባለውን ጓደኛውን ሳይነግራት ይዞት ገባ። እንደሻው ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚሠራ፣ የሰጡትን የሚበላ ደግ ሰው ነው። የቀረበለት ሥጋ ወጥ ጣፈጠው፣ አመሰገነ።

«ምላሴን ብታምነው» አለው ጌታነህ፣ «የአንድ ሌሊት ዕድሜ ያለውን ወጥ ገና ከንፈሬ ሲነካው ነው የምለየው።» ይህን ሲል አፉ ውስጥ ያለው ቁሌት የእሑድ ነበር። ሰገነት ውሃ ቀድታ ወጣች።

በቀጣዩ ሰኞ ራት ላይ ዜናውን አመጣው። ረቡዕ ማታ እንደሻውንና ሌሎች ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎችን ጋብዟል። «ጾም ስለሆነ አይከብድሽም፣ ሽሮና ምስር ነው» አላት።

«ረቡዕ ማታ ፈተና አለብኝ።»

«ከዚያ በፊት ትሠሪያለሻ።»

«ሠርቼማ እሄዳለሁ። ሰዎቹን ማን ያስተናግዳል? ባለቤቷ የሌለችበት ቤት እንግዳ አይጠራም የምትለው አንተው ነህ።»

ጌታነህ እንጀራውን ጠቀለለ። «እኔ ደግሞ የሚገርመኝ አንቺ ስታወሪው ነው እንጂ ሲሠራ አላየሁትም ያ ድካም። ድሮ ቁጭ ብድግ ትዪ ነበር። አሁን ገብቼ ሳልቀመጥ ይቀርባል፣ ትኩሱ። እንዲህ ቀላል ከሆነ አንድ ቀን ሰው ፊት ብታኮሪኝ ምን አለበት? ፈተናውን አናግሪያቸው፣ ይለውጡልሻል።»

ሰገነት ሳህኑን አነሣች። ራቱን በማቅለሏ ነፃ የወጣች መስሏት ነበር፤ ያቀለለችው ለእሱ ሆኖ ተገኘ። ባል ያልደከመበትን ነገር ማንም አልደከመበትም ብሎ ነው የሚያስበው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ገሊላን አስከትላ ኤረር በር ወደሚኖሩት አማቷ ዘንድ ሄደች። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በዕድሜያቸው ያልተጎዱ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ጌታነህ በዓለም ላይ የሚሰማው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁት» አለች ሰገነት። «ነገ ፈተናዬ ነው። ካመለጠኝ ያባርሩኛል። እርስዎ ቢነግሩት እንግዶቹን ለሐሙስ ያደርጋቸዋል።»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሰሟትና ከተቀመጡበት ተነሡ። «መጀመሪያ ቅመሺ» ብለው ከምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከፈቱ። ምስር ነው። ለገሊላም ጠቅልለው አጎረሷት። ጣፋጭ ነበር፤ ቅመሙ ገብቶታል።

«መቼ ሠሩት?»

«ትናንት ነዋ። ሰኞ ከሠራሁት እስከ ዓርብ ያደርሰኛል።»

ሰገነት ጉርሻዋን ዋጠች። «ጌታነህ እኮ እርስዎ ያደረ አቅርበው አያውቁም ነው የሚለው።»

አሮጊቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ስድስት ልጅ አለኝ፣ ቀን ቀን ሆስፒታል ልብስ አጥባለሁ። በየማታው የሚያቁላላልኝ መልአክ ነበረኝ? እሑድ እሑድ አንድ ትልቅ ድስት እሠራለሁ። አባታቸው ሊገቡ ሲሉ አንድ ራስ ሽንኩርት እሳቱ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ቤቱ ይሸታል፣ ትኩስ ነው ይላሉ፣ ይበላሉ። ልጆቹም ከአባታቸው ሰምተው ትኩስ ነው ይላሉ። ማን ምን ጎደለበት?»

ሰገነት አብራ ልትስቅ ጀምራ ሳቋ ቀረባት። በዓለም ላይ እሷ ብቻ የፈለሰፈችው መስሏት የኮራችበት ዘዴ ነው። ይህች ሴት ሽንኩርቷን ጥላ ባሏን አበላች፤ ከዚያ ባል ላይ የበቀለው ልጅ ሕጉን ተሸክሞ መጥቶ እሷ ቤት ተከለው።

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልነገሩትም?»

«ነግሬ ምን ላተርፍ? እነሱ ይፎክራሉ፣ እኛ እናርፋለን።»

«እኔ የት ነው ያረፍኩት እማማ?»

«አንቺ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ፈተናው ይደገማል፣ ትዳር አይደገምም። እኔ ብነግረው ሚስቴ በእናቴ አስመከረችኝ ብሎ ያኮርፋል። ዝም ብለሽ ሽንኩርትሽን ጣይለት፣ እንግዶቹን አብዪለት፣ ይለፍልሽ።» ከዚያ ወደ ገሊላ ዞረው ራሷን ዳሰሱ። «አንቺም ልመጂ የኔ ልጅ፤ ሴት ልጅ ይህን ካላወቀች ቤት አትይዝም።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለች ገሊላ አፏን እየጠረገች። «ሁልጊዜ የምጥለው እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ በልጅ ልጃቸው ኮሩ። ሰገነት ግን ፊቷ ጋለ። በአማቷ ተናደደች፤ ስድስት ልጅ በሽንኩርት ሽታ አታልለው አሳድገው ዕዳውን ለሰው ልጅ አወረሱ ብላ። ይበልጥ የተናደደችው ግን በራሷ ነው። ባሏን ስትንቀው የኖረችው በአንድ ራስ ሽንኩርት ስለሚታለል ነው። በየማታው ያንን ሽንኩርት የምታስጥል መምህርትስ ምን ትባላለች?

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገሊላ ቀድማት ገብታ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ድስቱን ጥዳ ቆማለች። አስተካክላ ነው የከተፈችው፤ ልጅ የከተፈው አይመስልም።

«እማዬ አንቺ ሂጂ ተፈተኚ» አለቻት። «ሽሮውን እኔ አፈላዋለሁ። አባዬ ሲመጣ ሽንኩርቱን እጥላለሁ፤ እሱ ምንም አያውቅም።»

«እሱ ምንም አያውቅም» ስትል አፍንጫዋን ትንሽ ነፋ አደረገች። ያ ድምፅ የሰገነት ነው። ያ አፍንጫ የሰገነት ነው። አባቷን የምትወድ፣ ትምህርቷን አንደኛና ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ነገር ተምራለች፤ መዋሸትና የዋሸችውን ሰው መናቅ። ያስተማረቻት ደግሞ እናቷ ናት።

«እሳቱን አጥፊው» አለቻት። «ሽንኩርቱንም ተይው። ደብተርሽን ያዢ፣ አብረን ነው የምንሄደው።»

«አባዬስ?»

«እስኪመጣ እንጠብቀዋለን።»

ተደብቆ መውጣትም ይቻል ነበር፤ አልፈለገችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ሳሎን ቆመች። ጌታነህ እንደሻውንና ሁለቱን ሰዎች ከኋላው አስከትሎ ገባ። ከበሩ ጀምሮ ያሸት ነበር። አንድ ጊዜ ሳበ፣ ሁለተኛ ሳበ፣ ፈገግታው ቀዘቀዘ።

«ምነው፣ ማድቤቱ ዝም ያለ?»

ሰገነት ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የውሃውን ጠርሙስ ወደ ጎን አድርጋ አንዱን ዕቃ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን አነሣችው።

«ይሄ የእሑድ ቁሌት ነው» አለች። «ከኅዳር ጀምሮ በሥራ ቀን የበላኸው ራት ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። ስትገባ የሚሸትህ ሽንኩርት ለሽታ ብቻ የሚጣል ነበር። እሱን ማድረጌ ጥፋቴ ነው፤ ከዛሬ ወዲያ አይጣልም። ሽሮው በጣሳው አለ፣ እንጀራው መሶቡ ውስጥ ነው። ውሃ ጣድ፣ ከዚህ ሁለት ጭልፋ ጨምር፣ ሽሮውን እያማሰልክ በትን። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።»

ጌታነህ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ሊስቅ ሞከረ። «ቀልደኛ ናት አቦ» አለ። ማንም አልሳቀም።

እንደሻው ጎንበስ ብሎ ዕቃውን አየ። «ባለፈው ሐሙስ የበላነውም ከዚህ ነው?»

«እሱም።»

«ጣፋጭ ነበር እኮ» አለ እንደሻው፣ ለጌታነህ አዝኖ ይሁን ለወጡ እውነት መስክሮ አይታወቅም።

ሰገነት ልጇን ይዛ ወጣች። ባጃጅ ውስጥ ገሊላ እጇን ያዘቻት። ኮሌጁ ደርሰው ገሊላ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እናቷ ውስጥ ተፈተነች። መጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ያነበበቻቸው ምንም ሳይገባት ነው። ኋላ ተመልሳ አንድ በአንድ ሠራቻቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ ሠርታ፣ ደግማ አይታ ወረቀቱን አስረከበች።

ቤት ሲደርሱ እንግዶቹ ሄደዋል። ማድቤት ውስጥ የሽሮ ድስት ታጥቦ ተደፍቷል፤ ትንሽ አሮ ነበር መሰለኝ ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሰዎቹ ራሳቸው አፍልተው በልተው፣ ራሳቸው አጥበው ነው የሄዱት። የማን እጅ እንዳለበት ለማወቅ ሰገነት አልተጨነቀችም፤ የባሏ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነበረች። ጌታነህ ሳሎን ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«በላህ?» አለችው።

«በልቻለሁ። እናቴ ዘንድ።» እንግዶቹን ማድቤት ከሽሮ ጋር ትቶ ኤረር በር ድረስ ሄዶ ነው የበላው። እንዲህ ያለ ጋባዥ በሐረር ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ስንጥሩን አወጣና በድል አድራጊ ድምፅ ቀጠለ። «ሚስት ትዋሻለች፣ እናት አትዋሽም። ትኩስ ምስር፣ አሁን ከእሳት የወረደ። ገና ከግቢው በር ስገባ ሽንኩርቱ ሸተተኝ።»

ሰገነት አሮጊቷን አሰበቻቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው የልጃቸውን ኮቴ ሰምተው ቢላዋ ፍለጋ ሲሯሯጡ ታዩዋት። የምትለው ነበራት። አንድ ዐረፍተ ነገር ብትናገር ሰውዬው የቆመበት መሬት ሁሉ ይከዳው ነበር። ግን ለአንድ ቀን በቂ ተናግራለች። እሳቸውም አደራ ባይሏትም ምስጢራቸውን ያወጡት አምነዋት ነው። አፏን ዘጋች።

ገሊላ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ትፈታ ነበር። ቀና ብላ አባቷን አየችው። በድምፅዋ ውስጥ ፌዝም ንቀትም አልነበረም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ ምስሩ የሰኞ ነው። ትናንት እኛም ቀምሰናል። እማማ ሽንኩርቱን የሚጥሉት ለሽታ ነው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር ብለውናል።»

ጌታነህ ስንጥሩን እንደያዘ ቀረ። ልጅቷን አላያትም። ሚስቱን ነው ያያት፤ አንቺ ልጅ ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው አይታማም ብላ እንድትቆጣት ጠበቀ። ሰገነት ቦርሳዋን አስቀመጠች። ልጇን ዝም አላሰኘቻትም።